የልጅ ልጆቻችሁን ከሳሎን አውጧቸው!



ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከአዲስ አበባ፣ ከጂዳ፣ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተን የልጅ ልጆች ወደ መቀሌ ይመጣሉ። አያቶች ወር ሙሉ ሲዘጋጁ ይሰነብታሉ። ፍራሽ ይታደሳል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ በግ ይገዛል። ልጆቹ የደረሱ ዕለት ቤቱ በሳቅና በልቅሶ ይሞላል።

በማግሥቱስ? በማግሥቱ ልጆቹ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል፤ ስልኩም ከእጃቸው አይለይም። ወደ በሩ ብቅ ካሉ "ብርድ ነው፤ ተመለሱ" ይባላሉ። ዝናቡ ሲያባራ "ጭቃ ነው"፣ ጭቃው ሲደርቅ "ፀሐይ ነው" ይባላሉ። እንዲህ እየተባለ ወሩ ያልቃል። ልጁ ወደ መጣበት ተመልሶ "የአያቶችህ አገር እንዴት ነው?" ተብሎ ቢጠየቅ የሚያውቀው አንድ ሳሎን ብቻ ነው። በሚኖርበት ከተማም ሳሎን አለው። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ምን ሊያይ ነበር?

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን ልማድ ነው። ልማዱ የመጣው ከፍቅር እንደሆነ አይካድም። ይሁን እንጂ ከፍቅር የመነጨ ነገር ሁሉ ትክክል አይሆንም። ልጅን ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከድንጋይና ከሣር ለይቶ ማስቀመጥ እንክብካቤ ይምሰል እንጂ እስር ነው።

ያለፉት ሦስት ክረምቶች

ነገሩ ተራ የመዝናኛ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ የቅርብ ዓመታትን ያስታውስ። የ2012 ዓ.ም. ክረምት በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። የ2013ና የ2014 ክረምት መንገድም፣ ስልክም፣ ባንክም በሌለበት አለፈ። የመቀሌ አያት የልጅ ልጁን ማቀፍ ቀርቶ ድምፁን መስማት አልቻለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ በረራ ወደ መቀሌ ሲመለስ ስድስት ዓመቱ የነበረው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በመካከሉ ወደ አኼራ የሄዱ አያቶችም ብዙ ናቸው።

ሦስት ክረምት ተወስዶብናል። ያን የወሰደብንን ነገር ልናስቀረው አንችልም ነበር። አሁን ግን መንገዱ ክፍት በሆነበት፣ ልጁም ከፊታችን በተቀመጠበት ክረምት ጊዜውን ለቴሌቪዥን የምንሰጠው በማን አስገዳጅነት ነው? የአያትና የልጅ ልጅ ክረምት ቁጥሩ የታወቀ ነው። አያቱ ስድሳ አምስት፣ ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውና ልጁ በየሁለት ዓመቱ ቢመጣ፣ ጎረምሳ ሆኖ አብሮ መሄድን እስኪተው ድረስ የሚቀራቸው ሦስት ወይም አራት ክረምት ነው። ከዚህ ላይ አንዱን ማባከን ቀላል ነገር ነውን?

የከተማው ሕፃን ወደ ገጠር ይላክ ነበር

ውድ አንባቢ! የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የሕይወት ታሪክ ከመጀመሪያው ገጾቹ አስታውስ። የመካ ቁረይሾች ሕፃናቶቻቸውን ወደ ገጠር ዘላኖች ይልኩ ነበር። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ልጁ በንጹሕ አየር አካሉ እንዲጠነክርና ያልተበረዘ ዐረብኛ አንደበቱ ላይ እንዲሰፍር ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ በኑ ሰዕድ ጎሣ ሄደው በሐሊማ አስ-ሰዕዲያ እጅ ነበሩ። ከፍ ሲሉም በመካ በግ ጠብቀዋል። እናታቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ያሳደጓቸው አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ናቸው። አያትየው በካዕባ ጥላ ሥር በሚነጠፍላቸው ምንጣፍ ላይ ሌላ ማንም የማይደፍረውን ቦታ ለልጅ ልጃቸው ይሰጡ ነበር። ሰው ወዳለበት፣ ሽማግሌዎች ወደሚነጋገሩበት አደባባይ ይዘዋቸው ይወጡ ነበር እንጂ ከቤት አልዘጉባቸውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው አያት ሲሆኑስ? የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ሲሰግዱ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲነሡ መልሰው ያነሧት እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ጨዋታ የሚወድ ልጅ በሶላት መካከል እንኳ ቦታ ከተሰጠው፣ በክረምት ዕረፍቱ አንድ ኮረብታ መከልከሉ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?

እንዳ ኢየሱስ ምን አለ?

"መቀሌ ውስጥ የት እንወስዳቸዋለን? የሚታይ ምን አለ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ከኮረብታው ሥር የኖረ ሰው ነው። መልሱ ከከተማው በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ ይታየዋል።

እንዳ ኢየሱስ ዛሬ ለብዙ ወጣት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ስም ነው። ከዩኒቨርሲቲው በፊት ግን ቦታው በሌላ ነገር ይታወቅ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በዚህ ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ ድል የተመታው ጦር ቀሪ ኃይል ወደዚህ አፈገፈገ። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ከቦ በመድፍና በጥቃት ሞከረው፤ ግንቡ ግን በቀላሉ አልተበገረም። በመጨረሻ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከምሽጉ ውጭ የነበረው የውኃ ምንጭ ተያዘ። መድፍ ያልሰበረውን ጥም ሰበረው። በጥር ወር አጋማሽ ላይ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ከስድስት ሳምንት በኋላም አድዋ ሆነ።

ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ በሳሎን ውስጥ ብትነግረው እያዛጋ ይሰማሃል። ኮረብታው ላይ አቁመህ "ወታደሩ እዚህ ነው፤ ውኃው ከታች ነው፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ብትለው ግን ራሱ መፍትሔ መፈለግ ይጀምራል። ከዚያ ወደ ቤት ሲመለስ የመቀሌን የውኃ ችግር ያያል። ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን የሚጠብቀውን ቤተሰብ፣ በቢጫ ጀሪካን የተቀመጠውን ውኃ ያያል። ቧንቧ ከፍቶ ጥሎ የሚሄድ ልጅ በዚያ ቀን ውኃ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ለዉዱእ ውኃ መቆጠብን ከዚህ የተሻለ በምን ልታስተምረው ትችላለህ?

ድንጋዩንም አሳየው። ሕንጣሎ በተባለችው ከተማ ስም የሚጠራው የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ በባሕር ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይገመታል። በተቆረጠ ገደልና በፈረሰ ካብ ውስጥ በጥንቃቄ የፈለገ ልጅ ድንጋይ የሆነ ዛጎል ሊያገኝ ይችላል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር የባሕር ዛጎል! ቁርኣን በአል-ጋሺያ ምዕራፍ ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን እንድንመለከት ይጠይቀናል። መመልከት ደግሞ መውጣትን ይጠይቃል።

ቂብላን በበትር ማግኘት

አንድ ቀላል ነገር ላመልክትህ። ወጪው አንድ በትር ነው። መካ ከመቀሌ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሰሜንን ያወቀ ልጅ ቂብላን አወቀ።

ሰማዩ በጠራበት ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሜትር የሚሆን በትር ለጥ ባለ መሬት ላይ ቀጥ አድርገህ ትከል። ልጁ በየአምስት ደቂቃው በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጥ። ጥላው እያጠረ ይሄድና ከ6 ሰዓት ተኩል አካባቢ እንደገና መርዘም ይጀምራል። ያ መርዘሙ የዙህር ወቅት መግባት ነው። አጭሩ ጥላ ያረፈበት መስመር ደግሞ ሰሜንና ደቡብን ያሳያል። በሐምሌ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከመቀሌ አናት ጥቂት ወደ ሰሜን ስለምትሆን ጥላው የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ከጥላው ጫፍ ወደ በትሩ እግር ያለው አቅጣጫ ሰሜን ነው፤ ቂብላም ወደዚያው ነው። ከነሐሴ 11 ገደማ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከዋሽንግተን የመጣ ልጅ በአገሩ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ሲወድቅ አይቶ አያውቅም። ስልኩ ቂብላን በቀስት ያሳየው ይሆናል። ለምን ወደዚያ እንደሆነ የሚያሳየው ግን በትሩ ነው።

ቋንቋውም ውጭ ነው ያለው

ብዙ አያቶች "ልጆቹ አይሰሙንም፤ ቋንቋችንን አያውቁም" እያሉ ያዝናሉ። ልክ ናቸው። ግን ሶፋ ላይ ቋንቋ ከየት ይመጣል? "ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ" ከሚሉት በቀር ምን ቃል ያስፈልጋል? ወደ ኮረብታው ስትወጣ "እምኒ" ድንጋይ ይሆናል፤ "ማይ" ውኃ፣ "ጎቦ" ተራራ፣ "ገመል" ግመል ይሆናል። ልጁ ቃሉን ከነገሩ ጋር አንድ ላይ ይይዘዋል፤ አይረሳውም።

በዚህ ረገድ ለእኛ የሚቀርብ አንድ ታሪክ አለ። በሐበሻ ስደት ዘመን እዚህ የተወለዱ የሶሓባ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ኡሙ ኻሊድ ናት። ወደ መዲና ከተመለሰች በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ ሰጥተዋት፣ ልብሱ እንዴት እንዳማረባት የነገሯት በሐበሻ ቋንቋ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ቃሉም "ሰናህ" ነበር፤ ከእኛው "ሠናይ" ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ በል። ከሩቅ የመጣችን ሕፃን በምታውቀው ቋንቋ ማጫወት የቆየ ሱንና ነው። አያት ሆይ! አንተም ከልጁ ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል ልመድ፤ እርሱም ከአንተ ሃምሳ ይለምዳል።

ተቃውሞዎችና መልሶቻቸው

1. "ይታመሙብናል።" ልጅ ከዝናብ በኋላ በሮጠ ብቻ አይታመምም። የሚታመመው ባልተጣራ ውኃ፣ ባልታጠበ እጅና እርጥብ ልብስ ለብሶ በመቆየት ነው። ሁሉም መከላከያ አላቸው፤ የፈላ ውኃ በጠርሙስ፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስ። ከቆላ ከተማ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና ቀስ እያለ ይልመድ። ባርኔጣም አይርሳ፤ የደጋ ፀሐይ ብርዱ ሸፍኖት ያቃጥላል።

2. "በክረምት ቁርኣን ይቅሩ እንጂ ምን ያዞራቸዋል?" ቁርኣን መቅራታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ከንጋት እስከ ምሽት አይቀሩም። የቁርኣን ቤትም ከጥንት ጀምሮ የዕረፍት ቀን አለው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ለኮረብታው ቢሰጥ ከቂርኣቱ የሚጎድል ነገር የለም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ልጆቹ በቤት የሚውሉት ለቂርኣት ብለው አይደለም፤ ለካርቱን ነው።

3. "ወንዶቹ ይሂዱ፤ ሴቶቹ ከእናታቸው ጋር ይቀመጡ።" ለምን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ከባለቤታቸው ከዓኢሻ ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል። ሥርዓት ባለው አለባበስ፣ ከአያቷ ወይም ከአጎቷ ጋር የምትወጣ ልጅ ምን ነውር አለባት? ወንድሟ ኮረብታ ሲወጣ ሽንኩርት እንድትልጥ የተደረገች ልጅ ከአያቶቿ አገር የምትይዘው ትዝታ ሽንኩርት ይሆናል።

4. "ጉልበቴ አይችልም።" አያት ሁሉ ተራራ ይውጣ ያለ የለም። በባጃጅ መድረስ በሚቻለው ድረስ ሂድና ጥላ ሥር ተቀመጥ። የሚሮጡት ልጆቹ ናቸው። የአንተ ሥራ ታሪኩን መንገር ነው፤ እርሱን በአንተ ፋንታ የሚሠራው የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመቀሌ ያደገው የአጎት ልጅ መሪ ይሁን። በጦርነቱ ዓመታት ትምህርት የተቋረጠበት ይህ ልጅ ከውጭ የመጡት አዲስ ጫማና ስልክ ይዘው ሲያይ በልቡ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም። መንገዱን የሚያውቀው እርሱ መሆኑ ሲታይ ግን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

5. "ስሙ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ እዚያ ምን እንሠራለን?" ስሙ በእርግጥ በኮረብታው ካለው ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ለጎረቤቶቻችን ቅዱስ ስፍራ የሚገባውን አክብሮት ሰጥተን ታሪኩን ብናይ፣ ነፋሱን ብንቀበል ከሃይማኖታችን የሚቀነስ ምንድን ነው? ከመቀሌ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነጋሽ የምትመሰክረው ምንን ነው? በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰደዱትን ሙስሊሞች ያስጠለለው ንጉሥ ሲቀበላቸው ክርስቲያን ነበር። በዚያ ታሪክ የሚኮራ ሰው የጎረቤቱን ኮረብታ ሊሸሽ አይገባውም። ልጆቹን ወደ ነጋሽም ውሰዳቸው። መስጊዱ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ እንደተጎዳም አትደብቃቸው። የተጎዳ ነገር ዋጋው እንደማይቀንስ ያውቁ።

እውነተኛው አደጋ የት ነው?

ፍርሃታችን ቦታውን ስቷል። ጭቃን እየፈራን የሚያስፈራውን ለልጆቹ አንነግራቸውም። ከበር ከመውጣታቸው በፊት እነዚህን በቃላቸው ይያዙ፦

ሀ. የማያውቁትን ብረት አይንኩ፣ አይርገጡ፣ አይወርውሩ። ከጦርነቱ የቀሩ ያልፈነዱ ተተኳሾች በትግራይ ልጆችን ገድለዋል፣ አቁስለዋል። በለመደ መንገድ ብቻ ይሂዱ። የተጠራጠሩትን ነገር ካዩ ወደ መጡበት ተመልሰው ለትልቅ ሰው ይንገሩ። ከከተማ ርቃችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ነዋሪ ጠይቁ።

ለ. በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱ ብዙውን ጊዜ ብራ ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወጥታችሁ ከ8 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ነጎድጓድ ከተሰማ ከኮረብታው ጫፍ ውረዱ፤ ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ሐ. ደራሽ ጎርፍ ላይኛው አገር ዘንቦ ታች ብራ ሆኖ ሳለ ይመጣል። ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ መጫወት የለም፤ የሞላ ወንዝ አይሻገሩም።

መ. ከመግሪብ በፊት ሁሉም ቤት ይግባ። ጅብ በመቀሌ ዙሪያ አለ። ጨለማ ሲገባ ልጆችን ወደ ቤት እንድንሰበስብ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመው መክረውናል።

ሠ. በለስ ሲደርስ ልጆቹ መልቀሙን ይዩ፤ ነገር ግን በባዶ እጅ አይንኩት። ደቃቁ እሾህ በነፋስ ይበናልና የሚለቀመው ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ነው። አስቀድማችሁ ልጡላቸው፤ ብዛቱም ይመጠን፤ ፍሬው ሆድ ያደርቃል።

እነዚህን አምስት ነገሮች ያወቀ ልጅ በሳሎን ከታሰረው ልጅ ይልቅ የተጠበቀ ነው። ያልተነገረው ልጅ አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ሲያገኝ ያለ ዕውቀት ይወጣልና።

በሩቅ ላላችሁ ወላጆች

እናንተም ከወቀሳው አታመልጡም። ልጆቹን ስትልኩ ከሻንጣው ጋር ረጅም የክልከላ ዝርዝር ትልካላችሁ። "ይህን እንዳይበላ፣ ያን እንዳይነካ፣ ፀሐይ እንዳይመታው።" አያቶቹ በልጁ ጉልበት ላይ አንድ ጭረት ቢታይ እንዳትወቅሷቸው እየፈሩ በሩን ይዘጋሉ። እናንተ ራሳችሁ በዚያው ኮረብታ በባዶ እግራችሁ ሮጣችሁ እንዳደጋችሁ ረሳችሁትን? ስልክ ደውላችሁ "ዛሬ ምን በላ?" ብቻ አትበሉ፤ "ዛሬ የት ሄደ?" በሉ። ጉልበቱ ቢላጥም አያቱን አመስግኑ። የጉልበት ቁስል በሳምንት ይድናል፤ የአያትን አገር ሳያውቁ ማደግ ግን መድኃኒቱ የት ይገኛል?

ውድ አንባቢ! የዝምድና ገመድ በወሬ ብቻ አይቀጠልም። እግር በረገጠው መሬት፣ እጅ ባነሣው ድንጋይ፣ አብሮ በተበላ በለስ ነው የሚጠነክረው። በዚህ ክረምት ከነገ ጠዋት ጀምሮ ጫማቸውን አስራችሁ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ ውጡ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላሙን ያጽና፤ አያቶችን በዕድሜና በጤና ያቆይ፤ ልጆቻችንንም ወገናቸውን የሚያውቁና የሚጠይቁ ያድርግልን። አሚን።